እጃቸው ይባረክ፦ ከሮም አይሁድ ማዕድ የምንማረው ታሪክ



የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ ይገልጣል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ወይም የጥንት ሕንጻዎችን ይጎበኛል። ይሁን እንጂ ታሪክ በድስትና በምጣድ ውስጥም ይገኛል። እናቶች ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ለምን እንደዚያ ይሠሩ እንደነበር፣ ምን ተፈቅዶላቸው ምን ተከልክለው እንደነበር ያወቀ ሰው የዚያን ሕዝብ ኑሮ በደንብ ተረድቷል ለማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ሮም አይሁድ ማዕድ ነው። በአሁኑ ጊዜ በጣሊያን ከተሞች በጣም የተለመደ አንድ የጉብኝት ዓይነት አለ። ጎብኚዎች ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድ አደባባይ ይሰበሰባሉ፤ አስጎብኚው ከፊት ይቀድማል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል በእግር እየተዘዋወሩ በየደረሱበት ቤት ጥቂት ይቀምሳሉ፣ ትንሽ የወይን ጠጅ ይጠጣሉ፣ በመካከሉም የቦታውን ታሪክ ይሰማሉ። ከማኅበራችን አባላት ጥቂቶቻችን ሮም በሄድንበት ጊዜ ይህን ጉዞ በአይሁድ ሰፈር አድርገናል። ስለ ጣዕሙ ብቻ ለማውራት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገጽ ባልያዝን ነበር። ያየነውና የሰማነው ግን እኛን፣ በተለይም በአዲስ አገር ልጆች የምናሳድገውን ወላጆች፣ በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው ልናካፍላችሁ ወሰንን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኢየሩሳሌም ወደ ሮም

የሮም አይሁድ በአውሮፓ ውስጥ ሳይቋረጡ ከኖሩት የአይሁድ ማኅበረሰቦች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ናቸው። ይሁዳ መቃቢ መልእክተኞቹን ወደ ሮም የላከው ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ161 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ነጋዴዎችና ስደተኞች በቲቤር ወንዝ ዳር ሰፈሩ። በ70 ዓመት ቲቶ ቤተ መቅደሱን ባፈረሰ ጊዜ ደግሞ ብዙ ምርኮኞች ከኢየሩሳሌም ወደዚያች ከተማ ተወሰዱ። ለቲቶ ድል መታሰቢያ የተሠራው ቅስት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የሮም ወታደሮች የመቅደሱን መኖራ ተሸክመው ሲሄዱ በድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ይታያል። የሮም አይሁድ ለብዙ ትውልድ በዚህ ቅስት ሥር አናልፍም ብለው እንደኖሩ ይነገራል።

እነዚህ ሰዎች አሽከናዚም ሰፋራዲም አይደሉም። ከሁለቱም የሚለይ የራሳቸው የቆየ የጸሎት ሥርዓት አላቸው። ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። እኛም እዚህ አገር ስንገባ «እናንተ ከየትኛው ወገን ናችሁ?» ተብለን ተጠይቀናልና። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ግን ከሁለቱም ያላነሰ የቆየ ይሁዲ በዓለም ላይ መኖሩን ልጆቻችን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ግንቡ የቆመበት ዘመን

በ1492 የስፔን ነገሥታት አይሁድን ከግዛታቸው አባረሩ። በዚያን ጊዜ ሲሲሊና ሰርዴኛ የተባሉት ደሴቶች በእነርሱ ሥር ስለነበሩ ከእነዚያም ቦታዎች ብዙዎች ተሰደዱ፤ ከስደተኞቹ ከፊሎቹ ሮም ገቡ። አዲሶቹ መጪዎች የራሳቸውን ምኩራብና የራሳቸውን የአበሳሰል ዘዴ ይዘው መጡ።

ብዙ ሳይቆይ ግን ለነባሩም ለአዲሱም ክፉ ቀን መጣ። ሐምሌ 14 ቀን 1555 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ ባወጣው ትእዛዝ አይሁድ ሁሉ በአንድ ሰፈር ተከማችተው ዙሪያው በግንብ እንዲታጠር ተደረገ። ይህ ሰፈር ጌቶ ይባላል። ስሙ የመጣው በ1516 እንዲህ ያለ ሰፈር ከተቋቋመባት ከቬኒስ ከተማ ነው። የሮሙ ጌቶ በሮች ማታ ይዘጋሉ፣ ጠዋት ይከፈታሉ። ወንዱ ቢጫ ቆብ፣ ሴቷ ቢጫ መሸፈኛ ሳያደርጉ መውጣት አይፈቀድላቸውም። መሬትም ሆነ ቤት በስማቸው መያዝ ተከለከሉ። ከሥራም የቀረላቸው በዋነኛነት አሮጌ ልብስና ጨርቅ መነገድ ነበር። ምኩራብ ከአንድ በላይ እንዳይኖራቸው ስለተወሰነ፣ አምስት ጉባኤዎች በአንድ ጣራ ሥር በየክፍላቸው ይጸልዩ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል የካታሎኒያ፣ የካስቲልያና የሲሲሊ ስደተኞች ጉባኤዎች ይገኙበታል።

ስለ ርስት መከልከል ስንሰማ የእኛ አያቶች ታሪክ ትዝ የማይለው ማን ነው? ቤተ እስራኤልም ርስታቸውን ተነጥቀው በሸክላ፣ በብረትና በሽመና ሥራ እጃቸውን አምነው የኖሩ ናቸው። ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ በሁለት አህጉር አንድ ዓይነት ሸክም ተሸክመዋል።

የጌቶው መሬት ዝቅ ያለና ለወንዙ ቅርብ ስለነበረ ቲቤር በሞላ ቁጥር ውኃው ቤት ውስጥ ይገባ ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ ቦታው ስለማይሰፋ ቤቶቹ ወደ ላይ ብቻ አደጉ። ቪያ ዴላ ሬጂኔላ በምትባለው ጠባብ መንገድ ላይ ቆመን ሽቅብ ስንመለከት ሰማዩ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታይ ነበር።

በጌቶው አጠገብ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በበሩ ላይ ከትንቢተ ኢሳይያስ 65ኛ ምዕራፍ የተወሰደ ቃል በዕብራይስጥና በላቲን ተጽፎበታል፤ አይሁድ ወጥተው ሲገቡ እንዲያነቡት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1847 ድረስ አይሁድ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የሚሰብክ ስብከት በግድ እንዲሰሙ ይደረጉ ነበር። ይህንንም ስንሰማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር አካባቢ የመጡትን የለንደን ሚሲዮናውያንና ቄሶቻችን ከእነርሱ ጋር ያደረጉትን ትግል አስታወስን።

የጌቶው ሥርዓት በመጨረሻ የፈረሰው በ1870 ሮም ከተባበረችው ጣሊያን ጋር በተቀላቀለች ጊዜ ነው። ከ1555 እስከ 1870 ሲቆጠር 315 ዓመት ይሆናል። በመካከሉ ለአጭር ጊዜ የላላበት ወቅት ቢኖርም፣ ከአሥር በላይ ትውልድ በዚያ ግንብ ውስጥ ተወልዶ ሞቷል። ጌቶው በነበረበት መሬት ላይ ዛሬ የሚታየው ትልቁ ምኩራብ የተመረቀው በ1904 ነው። ጉልላቱ እንደ ሌሎቹ የሮም ጉልላቶች ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ስለሆነ ከሩቅ ይለያል።

ከተረፈው የተሠራ ምግብ

ጉዞው የሚጀመረው ፖርቲኮ ዲ ኦታቪያ በተባለው የጥንት ሮማውያን ሕንጻ ፍርስራሽ ዘንድ ነው። ይህ ቦታ ለብዙ መቶ ዓመታት የሮም የዓሣ ገበያ ነበር። በግድግዳው ላይ በላቲን የተጻፈበት አንድ እብነ በረድ አለ። ጽሑፉ፣ ከዚህ ድንጋይ የሚረዝም ዓሣ ሁሉ ጭንቅላቱ እስከ መጀመሪያው ክንፍ ድረስ ተቆርጦ ለከተማው ሹማምንት ይሰጥ የሚል ነው። ለሾርባ ጥሩ የሆነው ክፍል ለባለሥልጣን ይሄድ ነበር ማለት ነው። የጌቶው ሴቶች ደግሞ ገበያው ሲበተን የቀረውን ትንንሽ ዓሣና ቁርጥራጭ ሰብስበው ሾርባ ይሠሩ እንደነበር ይተረካል። ዛሬ ያ የዓሣ ሾርባ በሮም አይሁድ ዘንድ የተከበረ ምግብ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር በዓይን ከመታየቱ በፊት በአፍንጫ ይታወቃል፤ ዘይት ሲግል የሚወጣው ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ሌላው የሮም ሕዝብ ብዙውን ጊዜ በአሳማ ስብ ይጠብስ በነበረበት ዘመን አይሁድ በሕጋቸው ምክንያት የሚጠብሱት በወይራ ዘይት ነበር። በጨው የደረቀ ዓሣ፣ የዱባ አበባ፣ አትክልት፣ ሁሉም በዘይት ይጠበሳል። ርካሽ የሆነው ነገር በሙቅ ዘይት ውስጥ ሲገባ የድግስ ምግብ ይሆናል።

የጥብሶቹ ሁሉ ንጉሥ አርቲሾክ ነው። አርቲሾክ እዚህ አገር በገበያ የምናየው፣ የኮሸሽላ ዘመድ የሆነ ተክል ነው። በሮም አካባቢ የሚበቅለው ዓይነት ክብና እሾህ የሌለው ሲሆን ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የተዘጉ ናቸው፤ ወቅቱም ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጸደይ ነው። ባለሙያው ጠንካራውን የውጭ ቅጠል በአጭር ቢላዋ እየዞረ ይልጠዋል፤ በዘይት ያበስለዋል፤ ያወጣውና ቅጠሎቹን እንደ አበባ ይከፍታቸዋል፤ እንደገና በጣም በጋለ ዘይት ውስጥ ይከተዋል። ውጪው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ልቡ ግን እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። ሮማውያን ስሙን «በአይሁድ ዓይነት የተሠራ አርቲሾክ» ይሉታል። ግንብ ሠርተው ያጠሩት ሕዝብ የሠራውን ምግብ ዛሬ የከተማቸው መኩሪያ አድርገው ለእንግዳ ያቀርቡታል።

ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ፔሌግሪኖ አርቱሲ የተባለው ጣሊያናዊ፣ በ1891 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው ታዋቂ የምግብ አሠራር መጽሐፉ ስለ ደበርጃን (በዕብራይስጥ ሐጺል) እና ስለ እንስላል ሲጽፍ፣ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት በፊሬንዜ ገበያ እምብዛም አይታዩም እንደነበርና የአይሁድ ምግብ ናቸው ተብለው ይናቁ እንደነበር ተናግሯል። አያይዞም የእነዚህን አትክልቶች ጥሩነት ቀድመው ያወቁት አይሁድ መሆናቸውን መስክሯል። ዛሬ ያለ ደበርጃን የጣሊያንን ምግብ ማሰብ የሚችል ሰው አለን?

እኛ በሥራችን በየቀኑ የምናየው ነገር አለ። አንድ ልጅ ከቤቱ የተቋጠረለትን እንጀራ በትምህርት ቤት ከቦርሳው ሳያወጣ ይመልሰዋል። እናቱ ስትጠይቀው «አልራበኝም» ይላል። እውነቱ ግን ልጆች ስለ ሽታውና ስለ መልኩ ስለሚያሾፉበት ነው። እናቲቱም በማግሥቱ ነጭ ዳቦ ትገዛለች፤ እንዲህ እያለ ሙያዋ ከቤት ይወጣል። የደበርጃን ታሪክ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሊነገር የሚገባው ነው። በአንድ ትውልድ የተናቀ ምግብ በሌላው ትውልድ ሊከበር ይችላል፤ የሚከበረው ግን በመካከል ያሉት ሰዎች መሥራቱን ካልተዉት ብቻ ነው።

የሰንበት ቀዝቃዛ ምግብ

ከቀመስናቸው ሁሉ ይበልጥ የነካን ኮንቻ የሚባለው ተራ ምግብ ነው። ዝኩኒ በስሱ ተቆርጦ ይጠበሳል፤ ከዚያ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በናና ተነክሮ ያድራል። ዓርብ ተሠርቶ ሰንበት ቀን ቀዝቅዞ ይበላል። በሰንበት እሳት ስለማይነድ ሴቶቹ ሲቀዘቅዝ የሚጣፍጥ ምግብ ፈጠሩ።

አብራን የነበረች አንዲት እናት ይህን ስትሰማ «ታዲያ ይህ የእኛው አይደለም እንዴ!» አለች። እውነቷን ነው። በቤተ እስራኤል መንደር ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ ዳቦው ተጋግሮ፣ ምግቡ ተዘጋጅቶ ያድራል፤ ሰንበት ቀን የሚበላው ቀዝቃዛ ነው። ስለ ሮም አይሁድ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ለእነርሱም ስለ እኛ የነገራቸው አልነበረም። ኦሪት ግን በሁለቱም ቤት አንድ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል። ኮምጣጤን ብዙዎቻችን አቼቶ እንለዋለን፤ ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ እንላለን። እነዚህ ቃላት ሁሉ የጣሊያንኛ ናቸው። ወደ ቋንቋችን የገቡት ግን በሰላም ብቻ አይደለም።

1937፣ 1938፣ 1943

በጣሊያንና በእኛ መካከል ሁለት ዓይነት ታሪክ አለ። አንደኛው የትምህርት ነው። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ከኢትዮጵያ ይዘዋቸው ከወጡት ወጣቶች አንዱ የነበሩት ታምራት አማኑኤል የተማሩት በፊሬንዜ በራቢዎች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በኋላም በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መርተዋል። የጣሊያን አይሁድ በዚያን ጊዜ ወንድሞቻችን ብለው እጃቸውን ዘርግተውልናል።

ሁለተኛው የደም ታሪክ ነው። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ወረረ። በየካቲት 1937 በአዲስ አበባ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተጨፈጨፈ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የወጣ ሕግ ጣሊያናዊ ከቅኝ ግዛቱ አፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ። በ1938 ደግሞ በራሳቸው በጣሊያን አይሁድ ላይ የዘር ሕግ ወጣ፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ፣ መምህራንና ሠራተኞች ከሥራቸው ተነሡ። ልብ በሉ፤ ዘርን የሚለየው ሕግ በመጀመሪያ የወጣው በአፍሪካውያን ላይ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አይሁድ ተሻገረ። ከአክሱም ተነቅሎ በ1937 በሮም የተተከለው ሐውልት ይቆምበት የነበረው አደባባይ ከዚህ የአይሁድ ሰፈር በእግር የሚደረስበት ነው። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው።

ከፖርቲኮው ፊት ለፊት ያለው ስፍራ በጥቅምት 16 ቀን 1943 ስም ይጠራል። በመስከረም ወር ጀርመኖች ሮምን ከያዙ በኋላ፣ የኤስ ኤስ አዛዥ ካፕለር የሮም አይሁድ በ36 ሰዓት ውስጥ 50 ኪሎ ግራም ወርቅ እንዲያመጡ፣ ካላመጡ ሰዎች እንደሚወሰዱ አስታወቀ። ሕዝቡ የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር አውጥቶ ወርቁን ሞላ። ያ ግን አላዳናቸውም። ጥቅምት 16 ቀን ሰንበት ነበር፤ የሱኮት በዓልም ሳምንት ነበር። ገና ሳይነጋ ወታደሮች ሰፈሩን ከበቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ከ1,000 በላይ ሰዎች በባቡር ወደ አውሽዊትዝ ተላኩ፤ ከእነርሱም መካከል ከ200 በላይ ሕፃናት ነበሩ። በሕይወት የተመለሱት 16 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከ16ቱ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ስሟም ሴቲሚያ ስፒዚኪኖ ይባላል። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስ ያየችውን ለወጣቶች ስትናገር ኖራ በ2000 አረፈች።

በዚያ ስፍራ ማንም ምግብ አላነሣም። በየቤቱ ደጃፍ በድንጋዩ መካከል የተወሰዱት ሰዎች ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ የናስ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። አስጎብኚያችን ስሞቹን እያነበበች ስታልፍ እኛም በሱዳን መንገድ ላይ የቀሩብንን ሰዎች እያሰብን በዝግታ ተከተልናት።

አንድ ነገር ግን ልንረሳው አይገባም። ሰኔ 4 ቀን 1944 ሮም ነጻ ከወጣች በኋላ የተረፉት ሰዎች ወደዚሁ ሰፈር ተመልሰው ምድጃቸውን እንደገና አቀጣጠሉ። በዚሁ ጎዳና ላይ ቦቾኔ የሚባል ትንሽ ዳቦ ቤት አለ። በደጁ የስም ሰሌዳ የለበትም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ለውዝ፣ ዘቢብና በስኳር የተዘፈዘፈ ፍራፍሬ የሞላበት ጠንካራ ኬክ ይጋግራል፤ ይህ ኬክ ከጥንት ጀምሮ በግርዛት በዓል የሚቀርብ ነው። ሌላው ኬክ ደግሞ ሪኮታ በሚባለው፣ የእኛን አይብ በሚመስል ነገርና በጎምዛዛ ቀይ ፍሬ የተሞላ ሲሆን ከላይ በሊጥ ይሸፈናል። አይሁድ የወተት ውጤት ለክርስቲያን እንዳይሸጡ በተከለከሉበት ዘመን አይቡን ለመደበቅ ሲሉ ሸፈኑት ተብሎ ይተረካል።

በ1967 ደግሞ ከሊቢያ የተባረሩ በሺህ የሚቆጠሩ አይሁድ ሮም ደረሱ። ብዙዎቹ ወደ እስራኤል አለፉ፤ የቀሩትም በአዲስ አገር ኑሮ ጀመሩ። እንደ እኛ ቋንቋ የቸገራቸው፣ ቤትና ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በዚያው ጎዳና ከአርቲሾኩ አጠገብ ሕራይሜ የሚባለው የትሪፖሊ ቅመም የበዛበት ዓሣ ይቀርባል። የነባሩ ማዕድ ለአዲስ መጪው ቦታ ስለሰጠው አልጠፋም፤ ይልቁንም በዝቷል።

የአርቲሾኩ ክርክር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ2018 በእስራኤል ዋናው ራባኑት ስለ አርቲሾክ አንድ አቋም ተሰማ። ሳይከፈል በሙሉው የሚጠበስ አርቲሾክ በቅጠሎቹ መካከል ትል ሊኖርበት ስለሚችል ካሼር ሊባል አይችልም የሚል ነበር። ሮም ተናወጠች። ለብዙ መቶ ዓመታት ሃይማኖታቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች፣ በፋሲካ ማዕዳቸው ላይ የሚያስቀምጡት ምግብ የተከለከለ ነው ተባሉ።

ነገሩን በሁለቱም ወገን ማየት ተገቢ ነው። ነፍሳትን መብላት በኦሪት የተከለከለ ነው፤ ራባኑቱም የተናገረው ከሕግ ተነሥቶ ነው። የሮም አይሁድም ሕጉ አያስፈልገንም አላሉም። የሰጡት መልስ ሌላ ነው። የእኛ አርቲሾክ የዓይነቱ ቅጠል ጥብቅ ስለሆነ ትል አይገባበትም፤ እንዴት እንደሚላጥና እንደሚመረመር እናቶቻችን አስተምረውናል፤ ሥራውን እናውቀዋለን አሉ። የሮም ዋና ራቢ ሪካርዶ ዲ ሴኚም በዚያ ፋሲካ ቢላዋ ይዘው አርቲሾክ ሲልጡ በፊልም ታዩ። አርቲሾኩም እስከ ዛሬ በሰፈሩ ይጠበሳል።

እኛን የገረመን የመልሱ ዓይነት ነው። ሳይቆጡና ሳያፍሩ፣ በዕውቀት መለሱ። «እናታችን እንዲህ ታደርግ ነበር» ከማለት አልፈው «እንዲህ የምታደርገው በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ቻሉ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሌላው ሲጠይቀው ወይ ይጣላል፣ ወይ ያፍርና ይተዋል።

ወይኑና እጁ

የምሽቱ መጨረሻ የወይን ጠጅ ነበር። በሮም ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች የሚመጣው ነጭ ወይን፣ በተለይ የፍራስካቲው፣ ከጥንት የታወቀ ነው። ለእኛ የቀረበልን ግን ካሼር የሆነው ነው። የወይን ጠጅ ሕግ ከሌላው መጠጥ ሁሉ የጠበቀ ነው። በጥንት ዘመን ወይን ለጣዖት ይቀርብ ስለነበረ፣ ሊቃውንት ወይኑ ከተጨመቀበት ጊዜ አንሥቶ ታሽጎ እስኪዘጋ ድረስ ሰንበትን ከሚጠብቅ ይሁዲ በቀር ማንም እንዳይነካው ወሰኑ። መቩሻል የሚባለው የፈላ ወይን ብቻ ከዚህ ጥንቃቄ ነጻ ነው። በግንቡ ዘመን የጌቶው ሰዎች ይህን ሕግ በድህነታቸው መካከል ጠብቀውታል።

አስጎብኚያችን ይህን ስታስረዳ በመካከላችን ዝምታ ሆነ። አርቲሾኩ ባከራከረበት በዚያው በ2018፣ በሰኔ ወር፣ በእስራኤል በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ወይኑን እንዳይነኩ ወደ ሌላ ቦታ መዛወራቸው በዜና ተሰምቶ ነበር። ተጨማሪ የካሽሩት ማረጋገጫ የሚሰጥ አንድ አካል ይሁዲነታቸውን ተጠራጥሮ ነው የተባለው። በዚያን ጊዜ የሰፋራዲም ዋና ራቢ የነበሩት ራቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት። አባታቸው ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ይሁዲ ናቸው ብለው የወሰኑ መሆናቸው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ከ45 ዓመት በኋላ እጃችን እንደገና ተጠየቀ። በ1985 በኢየሩሳሌም በራባኑት ደጃፍ ሳምንታት የተቀመጡት ወላጆቻችን፣ በ1996 የለገሱት ደም መጣሉን ሰምተው አደባባይ የወጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ለልጆቻችን መንገር ያለብን አንድ ታሪክ አለ። በኢትዮጵያ ጎረቤቶቻችን ስለ ቤተ እስራኤል ሲናገሩ «አትንኩኝ» ይሉ ነበር። ገበያ ውሎ ከሌላ ሰው ጋር የተነካካ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም፤ የሌላ እጅ ያረደውን አይበላም፤ በሌላ ቤት የተሠራውን አይቀምስም። ለዚህ ጥንቃቄ ብዙ ዋጋ ተከፍሏል፤ ወዳጅነት ቀርቷል፣ ጥርጣሬና ስም ማጥፋት መጥቷል። እንግዲህ «አትንኩኝ» እያሉ ምግባቸውንና ሰውነታቸውን በንጽሕና የጠበቁ ሰዎች ልጆች ናቸው፣ «እናንተ ወይኑን አትንኩ» የተባሉት። ይህን የሚያውቅ ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ያዝናል እንጂ ራሱን አይጠራጠርም። የማያውቅ ልጅ ግን «ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል» ሊል ይችላል። በእኛ አስተያየት ትልቁ አደጋ ይህ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ውድ ወላጆች፣ የሮም አይሁድ 315 ዓመት በጌቶ ሥርዓት ሥር ኖረው፣ ከ1943 እልቂት ተርፈው ማዕዳቸውን ያቆዩት ሀብት ኖሯቸው አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፉ ነው። እኛም የምናሳስበው ሦስት ቀላል ነገር ነው።

አንደኛ፣ ልጆች ወጥ ቤት ይግቡ። ወንዱም ሴቷም። ቡኮው ሲቦካ፣ ዳቦው ሲጋገር፣ ለፋሲካ ዕቃው ሲለወጥና ቂጣው ሲጋገር ይዩ፤ እጃቸውንም ያስገቡ። በመሥራት ያልተማሩትን ነገር በመስማት ብቻ ሊይዙት አይችሉም።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱን ንገሯቸው። «በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው» ብላችሁ አታቁሙ። እሳቱ ለምን ዓርብ እንደሚጠፋ፣ ሥጋው ለምን በቄስ እጅ እንደሚታረድ፣ ሴት አያታቸው ለምን ወንዝ ትወርድ እንደነበር አስረዷቸው። የማታውቁትን ቄሶቻችንንና ሽማግሌዎቻችንን አብራችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ ልጁ ያገኘውን በዕብራይስጥ ይጻፈው፣ እናንተም በአማርኛ። ዛሬ የሚያውቁት ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይኖሩም።

ሦስተኛ፣ ማዕዳችሁን ለጎረቤት ክፈቱ። የሊቢያው ዓሣ የሮምን ጎዳና ያገኘው አንዲት ቤተሰብ አንድ ቀን ለጎረቤቷ ስላቀረበችው መሆን አለበት። ሰው የቀመሰውን ነገር ለመናቅ ይቸግረዋል።

ወደ ሮም የመሄድ ዕድል ለሚገጥማችሁ ደግሞ ጥቂት ምክር እንጨምር። በሰፈሩ «የአይሁድ ምግብ» የሚል ሁሉ ካሼር አይደለም፤ የካሽሩት ማረጋገጫ ወረቀቱን ጠይቃችሁ እዩ። የምሽት ጉዞ ስትይዙም ምን ዓይነት ቤቶች እንደሚገባ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ዓርብ ማታ ካሼር ቤቶቹ ዝግ ናቸው፤ በሳምንቱ መካከል ወይም ሰንበት ከወጣ በኋላ መሄድ ይሻላል። አርቲሾኩን በወቅቱ ለማግኘት በጸደይ ሂዱ።

በእኛ አገር ወግ ጥሩ ምግብ የበላ ሰው አብሳይዋን «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ምግቡ ከማለቁ በፊት የሚባረከው የሠራው እጅ ነው። የሮምን እናቶች እጃቸው ይባረክ ብለናል። ቡኮ ያቦኩ፣ ሸክላ የሠሩ፣ በረሃ ሲያቋርጡ ልጅ የያዙ የእናቶቻችን እጆችም እንዲሁ ይባረኩ። ንጹሕ መሆናቸውን ከእኛ ቀድሞ ሊመሰክርላቸው የሚገባ የለምና፣ ለልጆቻችን እኛው እንመስክርላቸው።